ዩቲዩብ እያየሁ ለቴሌቪዥን ለምን እከፍላለሁ?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂው ነጋዴ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ ከመብራት ቢል ጋር የቴሌቪዥን የሚባል ክፍያ ይመጣብኛል። እኔ ግን ቴሌቪዥን ከከፈትኩ ቆየሁ። የማየው ዩቲዩብ ነው። ልጆቹም በስልክ ፊልም ያያሉ። ግቢዬ ውስጥ 3 ተከራዮች አሉ፤ ቆጣሪያችን አንድ ነው። እናቴ ደላንታ ናት። እሷ ሬዲዮ ብቻ ነው የምትሰማው፤ መብራት ስለሌላት ምንም አትከፍልም። ይሄ ነገር ፍትሐዊ ነው? በዚህ ዘመንስ የሕዝብ ጣቢያ በምን ገንዘብ ቢተዳደር ይሻላል?»

አብሽር ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ብዙ ሰው «ለምን እከፍላለሁ» ብሎ እዚያው ይቆማል። አንተ እናትህንም ጨመርክበት። የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እሷ ጋ ስለሆነ ደስ ብሎኛል።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። መክፈልህን እደግፋለሁ። የሚሰላበትን መንገድ ግን አልወደውም። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ገንዘቡ ከኪስህ ከወጣ በኋላ በማን እጅ አልፎ ጣቢያው ጋ እንደሚደርስ ነው።

በመጀመሪያ ክፍያው ለምን ከዕቃው ጋር ተያያዘ? በድሮ ጊዜ ሌላ መለኪያ አልነበረም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1922 ቢቢሲን ሲጀምሩ ሬዲዮ ያለው ሰው ፈቃድ ያውጣ አሉ። ሬዲዮው ያለው የሚሰማ ነው፤ የማይሰማ አይገዛም። እኛም አገር ቴሌቪዥን በ1957 ሲጀመር ዕቃው ከጥቂት ቤት በቀር አይገኝም ነበር። ማን እንዳለው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዛሬ ግን ስልኩም ቴሌቪዥን ነው፣ ላፕቶፑም ቴሌቪዥን ነው። ሳሎን ያለው ትልቁ ስክሪን ደግሞ ዩቲዩብ ብቻ ሲያሳይ ይውላል። ዕቃ ቆጥሮ ማስከፈል ትርጉሙን ያጣው ለዚህ ነው። ይህ የኮምቦልቻ ችግር ብቻ አይደለም። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ2016 በኢንተርኔት የሚለቀቀውን የቢቢሲ ፕሮግራም ለሚያይ ሁሉ ፈቃድ ግዴታ አድርገዋል። የጃፓኑ ኤንኤችኬም እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ቴሌቪዥን ሳይኖረው በኢንተርኔት ብቻ የሚከታተለውን ሰው ማስከፈል ጀምሯል።

አሁን «የማላየውን ለምን?» ወደሚለው እንምጣ። አንተ የወሎ ሰው ነህ፤ ቅሬ ታውቃለህ። ሌላው እድር የሚለውን ማለቴ ነው። የቅሬ ገንዘብ በየወሩ ትከፍላለህ። ዓመት ሙሉ ቤትህ ለቅሶ ሳይገባ ይቀራል፤ አልሐምዱሊላህ ትላለህ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን «ድንኳኑን አልተጠቀምኩበትም፣ ብሬን መልሱልኝ» አትልም። ድንኳኑ መኖሩ ራሱ አገልግሎት ነው። የሕዝብ ጣቢያም እንደዚያ ነው። በ2013 መግቢያ የበረሃ አንበጣ የወሎን ቆላ ማሽላ ሲወርር ገበሬው መንጋው ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነበረበት። ያን ቀን ዩቲዩብ ላይ ተመልካች የሚያመጣ ርዕስ የሚፈልግ ሰው አይጠቅመውም። ደመወዙ የተከፈለ፣ አካባቢውን የሚያውቅ፣ ወረዳው ድረስ የሚሄድ ጋዜጠኛ ነው የሚጠቅመው። ያ ጋዜጠኛ አንበጣ ከመጣ በኋላ ተፈልጎ አይቀጠርም። ቀድሞ መኖር አለበት።

ከኢንተርኔቱ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። የኤፍ ኤም ማስተላለፊያ አንድ ሰው ቢሰማውም 100,000 ሰው ቢሰማውም ወጪው ያው ነው። በኢንተርኔት ግን እያንዳንዱ ተመልካች ተጨማሪ ወጪ ነው፤ ለጣቢያውም ለተመልካቹም። ቪዲዮ በመደበኛ ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋባይት ይበላል። ድምፅ ብቻ ቢሆን እንኳ በመጠነኛ ጥራት በሰዓት 30 ሜጋባይት ገደማ ነው። እናትህ ዜና ለመስማት ጥቅል እንድትገዛ ልትነግራት አትችልም። በዚያ ላይ ኔትወርኩ ይጠፋል። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለረጅም ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ መብራትም ስልክም እንዳልነበር አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ያን ሰሞን ባትሪ ድንጋይ የተገኘበት ቤት ጎረቤት ተሰብስቦ ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ስለዚህ «ሁሉም ወደ ኢንተርኔት ሄዷል፣ ጣቢያውም ይሂድና ማስተላለፊያው ይዘጋ» የሚለውን ሐሳብ አጥብቄ እቃወማለሁ።

ታዲያ ከየት ይከፈል? አራት መንገድ ነው ያለው፤ የመንግሥት በጀት፣ ማስታወቂያ፣ የሚያየው ሰው በደንበኝነት እንዲከፍል ማድረግ፣ ሁሉም ቤት የሚያዋጣው ክፍያ።

ደንበኝነቱን ቶሎ ልለፈው። የፊልም ኩባንያ በካርድ ወይም በቴሌብር ወርሃዊ ይቀበላል፤ ያልከፈለው ይዘጋበታል። ፊልም ስለሆነ ምንም አይደለም። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ እንዲህ ሊሸጥ አይችልም። አቅም የሌለው ሰው ነው አብዝቶ የሚፈልገው። ኢትዮሳት ላይ ያሉት የአገራችን ጣቢያዎች ዲሽ ላለው ሁሉ ክፍት ናቸው። በካርድ ይቆለፉ ብትል በመጀመሪያ የምትቆልፈው የገጠሩን ሰው ነው።

ስለ ማስታወቂያ ከራሴ ልንገርህ። ወጣት ሳለሁ በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ እሠራ ነበር። ገበሬዎች መጡ። አንድ ድርጅት ፍሳሹን ከብቶቻቸው የሚጠጡበት ወንዝ ውስጥ ይለቃል አሉ። ሄደን አየን፣ ቀዳን፣ ዘገባውን አዘጋጀን። ድርጅቱ የጣቢያችን ትልቁ ስፖንሰር ነበር። ማንም አትሥሩ አላለንም። አለቃችን «ደመወዝ እስኪከፈል ይቆይ» ብቻ ነው ያለን። ደመወዝ ተከፈለ። ዘገባው ግን አልተላለፈም። ከገበሬዎቹ አንዱን ከወራት በኋላ ገበያ ላይ አገኘሁት፤ «ልጄ፣ ሬዲዮኑን ሳልዘጋ ከረምኩ» አለኝ። ያን ቀን ያፈርኩትን ማፈር እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ዛሬ ደግሞ ማስታወቂያው ራሱ ወደ ፌስቡክና ዩቲዩብ እየሄደ ነው። ጣቢያው ያችኑ የቀረች ስፖንሰር እንዳትሸሽ ይበልጥ ይፈራል።

በጀቱስ? በጀት ቀላል ነው፤ ግብር አለ፣ ከግብሩ ይቆረጣል። ግን የወሎ ሰው በዚህ ላይ የማይረሳው ነገር አለው። በ1965 እና 1966 ወሎ ሲራብ የአገራችን ሬዲዮና ቴሌቪዥን በመንግሥት እጅ ነበሩ። መንግሥት ረሃቡን ደበቀ። ሰው መንገድ ዳር እየወደቀ ነገሩ ለዓለም የተሰማው ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወሎ ድረስ መጥቶ ቀርጾ በጥቅምት 1966 እንግሊዝ አገር ሲያሳየው ነው። የአገራችን ቴሌቪዥን ያን ፊልም ያሳየው መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ደርግ ንጉሡን ሊያወርድ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ያኔም ቢሆን የታየው ለሥልጣን ስለጠቀመ እንጂ ለተራበው ተብሎ አይደለም። በ1977ም ተደገመ። መንግሥት የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ለማክበር ሽር ጉድ ሲል ረሃቡ ታፍኖ ቆየ። ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ኮረም ያሳለፈችውን ዓለም ያየው በጥቅምት 1977 ማይክል በርክ በቢቢሲ ባቀረበው፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ካሜራ በያዘበት ዘገባ ነው።

እዚህ ላይ ሐቁን ልጨምርልህ። የ1966ቱን ያሳየው የእንግሊዝ ጣቢያ በማስታወቂያ የሚተዳደር ነበር። ያን ማድረግ የቻለው ፈቃድ ሰጪው አካል ዜናና ከበድ ያለ ዘገባ እንዲሠራ ግዴታ ስለጣለበት ነው። የ1977ቱ ቢቢሲ ደግሞ ቴሌቪዥን ያለው ቤተሰብ ሁሉ በሚከፍለው ፈቃድ ነው የሚተዳደረው። የገንዘብ ምንጫቸው የተለያየ ነው። የሚያመሳስላቸው ገንዘቡን የሚሰጠው ሰው የዜና ክፍሉን በር ማንኳኳት አለመቻሉ ነው። በዚህ ሙያ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ሳስበው የኖርኩት ይህንን ነው። የኛ ሰዎች የሞቱት ዝናብ ቀርቶ ብቻ አይደለም፤ የሚናገርላቸው ስላልነበረም ነው።

በጀት ብቻውን ሲሆን በሀብታም አገርም ያስፈራል። አሜሪካኖች የሕዝብ ጣቢያዎቻቸውን የሚደግፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣ ሕግ አቋቁመው ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ኮንግረሱ የሁለት ዓመት በጀቱን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘው። ተቋሙ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ሊያቆም መሆኑን አስታወቀ። ትልልቆቹ የከተማ ጣቢያዎች ለጋሽ አላቸው። ይበልጥ የተጎዱት ሌላ ገቢ እምብዛም የሌላቸው የገጠር ጣቢያዎች ናቸው። ፈረንሳዮችም እ.ኤ.አ. በ2022 ቤተሰብ በዓመት ይከፍል የነበረውን 138 ዩሮ አስቀርተው ከተጨማሪ እሴት ታክስ እንዲቆረጥ አደረጉ። ሕዝቡ ለጊዜው ደስ አለው። የጣቢያዎቹ ሰዎች ግን በየዓመቱ የበጀት ሰሞን ሲመጣ ይጨነቃሉ።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ አራተኛው ነው፤ ሁሉም ቤት የሚያዋጣው። ልክ እንደ ቅሬ። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ዕቃ መቁጠር ትተው በቤት ያስከፍላሉ። ቴሌቪዥን ኖረህ አልኖረህ አይጠይቁህም። አሁን በወር 18.36 ዩሮ ነው። መጠኑን የሚያሰላው ራሱን የቻለ የባለሙያዎች ኮሚሽን ነው፤ ክልሎቹ ያጸድቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 አንድ ክልል የ86 ሳንቲም ጭማሪውን አላጸድቅም አለ። ነገሩ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ጭማሪው ተግባራዊ ይሁን ብሎ ወሰነ፤ ምክንያቱም ገንዘብ መከልከል በጣቢያው ነፃነት ላይ እጅ ማስገባት ነው። 86 ሳንቲም ብለህ አትናቃት። ፊንላንዶች ደግሞ በገቢ ልክ ያደርጉታል። ዝቅተኛ ገቢ ያለው አይከፍልም፤ ሌላው እንደ ገቢው ይከፍላል፤ ጣሪያም አለው። ገንዘቡ ለብቻው በተቀመጠ ፈንድ ውስጥ ይገባል።

በመብራት ቢል መሰብሰቡስ? ለመሰብሰብ ሲባል ጥሩ ዘዴ ነው። ደቡብ አፍሪካ ሰው ራሱ ሄዶ በዓመት 265 ራንድ እንዲከፍል ትጠይቃለች፤ አብዛኛው ሕዝብ አይከፍልም። ጣሊያንም ከሩብ በላይ የሚሆነው ቤተሰብ ያመልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ክፍያውን ከመብራት ጋር ሲያያይዙት ከሚያመልጠው ሰው አብዛኛው ከፋይ ሆነ። እንዲያውም ብዙ ሰው ስለከፈለ የእያንዳንዱን ቤት ክፍያ ከ113.50 ወደ 90 ዩሮ ማውረድ ቻሉ። ግን በቢል መሰብሰብ ጣቢያውን ከመዘጋት አያድነውም። የግሪክ የሕዝብ ጣቢያም በመብራት ቢል ይተዳደር ነበር፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. ሰኔ 11 ቀን 2013 ማታ በድንገት ዘጋው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው የተመለሰው።

የኛ ችግር ሌላ ነው። ቆጣሪ ቤት አይደለም። ደሴ ሆጤም ሙጋድም ብትሄድ በአንድ ቆጣሪ አምስት ቤተሰብ አለ። ሆቴሉም ባለ ኪዮስኩም እኩል ተቆረጠባቸው ማለት ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው። እኔ ብጠየቅ ክፍያውን ከመብራት ፍጆታ እርከን ጋር አያይዘዋለሁ። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛው ታሪፍ ላይ ነው፤ እሱ ምንም አይክፈል። ከዚያ በላይ ያለው ትንሽ ይክፈል። ንግድ ቤቱ ከፍ ያድርግ፤ ፋብሪካውና ሆቴሉ ደግሞ ይበልጥ። አንተ ነጋዴ ስለሆንክ ሱቅህ ላይ ትንሽ ይጨምርብህ ይሆናል፤ አትቀየመኝ። እናትህ ግን ያለ ክፍያ መስማቷን ትቀጥል። እሷ አለመክፈሏ ስህተት አይደለም፤ እንዲያውም የዚህ ሁሉ መዋጮ ዓላማ እሷ ናት።

በኢንተርኔት የሚሸጡ የውጭ ድርጅቶችም ይጨመሩ። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2024 ትልልቆቹ ከገቢያቸው 5 በመቶ ለአገር ውስጥ ሥራ እንዲያዋጡ ወስናለች፤ ኩባንያዎቹ ተከራክረዋል። እኛም በ2016 የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ከውጭ በኢንተርኔት የሚቀርብ አገልግሎትን ስለሚያካትት መነሻ አለን። ብዙ ገንዘብ ይመጣል ብዬ አላታልልህም። ልጆችህ የሚያዩት ፊልም ግን ለአያታቸው ሬዲዮ ሳንቲም ቢያዋጣ አግባብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ገንዘቡ ወደሚያልፍበት እጅ። ኢቢሲ በአዋጅ ቁጥር 858/2006 ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የአማራ ክልሉ ጣቢያ አሚኮም በክልሉ ምክር ቤት ሥር ነው። በወረቀት ደህና ነው። በየዓመቱ በጀት የሚጠብቅ ጣቢያ ግን ደጅ ይጠናል፤ ደጅ የሚጠና ሰው ደግሞ አንደበቱን ይቆጥባል። እኔ የምለው መጠኑ ለአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ይወሰን። የሚያሰሉት ከፓርቲ ውጭ የሆኑ የሒሳብና የሙያ ሰዎች ይሁኑ። መብራት ኃይል ይሰብስብ፤ ገንዘቡ ግን በማንም ካዝና ሳያድር በቀጥታ ለጣቢያዎች ፈንድ ይግባ። ከዚያ እንደ ቅሬያችን ሒሳቡ በሰው ፊት ይነበብ። የቅሬ ገንዘብ ያዥ «ለድንኳን ይህን ያህል፣ ለቀብር ይህን ያህል» ብሎ ካልተናገረ ማን ያስቀምጠዋል? ጣቢያውም በዓመት አንድ ቀን በራሱ ስርጭት ላይ «ለዜና ይህን ያህል፣ ለመኪና ይህን ያህል» ብሎ ሒሳቡን ያንብብ፤ አድማጭ ደውሎ ይጠይቅ።

ከተሰበሰበው ደግሞ ድርሻው እዚሁ ይቅር። እንበልና አንድ ሚሊዮን ቤት በወር 20 ብር ከፈለ። በዓመት 240 ሚሊዮን ብር ነው። ከዚያ 3 አሥረኛው በየአካባቢው ለሚሠራ ሥራ ቢመደብ 72 ሚሊዮን ብር ነው። ደሴ ኤፍ ኤም 87.9 ላይ የሚሠሩ ልጆች ለወግዲ፣ ለቦረና፣ ለሰቆጣ መንገድ የሚሆን ነዳጅ አያጡም ማለት ነው። ለኽምጣና፣ ለአፋን ኦሮሞ፣ ተናጋሪው እየሳሳ ላለው አርጎብኛ ሰዓት መመደብ ይቻላል ማለት ነው። በእነዚህ ቋንቋዎች ማስታወቂያ የሚያሠራ ነጋዴ ጠብቀን አናገኝም። የመንዙማው፣ የአምባሰሉና የባቲው ቅጂ ክር ላይ እንዳለ ሳይበላሽ ወደ ኮምፒውተር ቢገባና ልጆችህ በዚያው በሚወዱት ዩቲዩብ በነፃ ቢያገኙት ደግሞ አስበው። ይህን ሥራ ትርፍ የሚጠብቅ ሰው አይጀምረውም።

ስለ ተከራዮችህ፦ ክፍያው በቆጣሪ ስለሆነ ቢሉ ላይ የሚመጣው አንድ ጊዜ ነው። ቢሉን አሳያቸውና ለአራት ቤት ተካፈሉት። ከእያንዳንዳቸው ሙሉውን መቀበል አይገባህም።

ስለ እናትህ ደግሞ አንድ ነገር አጣራልኝ። ስትደውልላት ሬዲዮው መቼ እንደሚያስቸግራት ጠይቃት። ማታ ማታ ከሌላ ድምፅ ጋር የሚደባለቅባት ከሆነ የምትሰማው በመካከለኛ ሞገድ ሳይሆን አይቀርም፤ በሌሊት ከሩቅ አገር የሚመጣ ሞገድ ይገባበታል፤ ሬዲዮውን አቅጣጫ ማዞር ይረዳታል። ኤፍ ኤም ሆኖ ቀንም ማታም ጭራሽ ድምፅ ከሌለው ግን ተራራው ጋርዶት ይሆናል። እንዲያ ከሆነ በእሷ ሬዲዮ የሚፈታ አይደለም፤ ማስተላለፊያ መጨመርን ይጠይቃል። የቀበሌዋን ስም፣ ቤቷ ከበሽሎ ገደል በየት በኩል እንደሆነና ጎረቤቶቿም እንደዚያው መሆናቸውን ጽፈህ ላክልኝ። ማመልከቻውን አብረን እናዘጋጃለን።